«ተተካ» ስንል በምን ያህል ተተካ?

በዚህ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ስለ ፕሬስ ነፃነት፣ ስለ ሙያ ሥነ ምግባር፣ ስለ ካፌው ወጥና ስለ ፍቅር ነው። እኔ ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት ግን ሒሳብ ነው። ገጹን ልትገልጡ እጃችሁን የዘረጋችሁ ካላችሁ እስቲ አንዴ ታገሡኝ። የማወራው ዘጠነኛ ክፍል ስለተማርናት፣ «ሰብስቲትዩሽን ሜተድ» ስለምትባለው ዘዴ ነው። ሁለት ያልታወቁ ነገሮች ያሉባቸውን ሁለት እኩልዮሾች (እኛ ኢኩዌሽን የምንላቸውን) አንዱን በሌላው ውስጥ በመተካት የምንፈታባት ዘዴ ማለት ነው። እንደኔ እንደኔ ይቺ ዘዴ የጋዜጠኛ ዕቃ ናት። ከመቅረጸ ድምፅ ቀጥላ ቦርሳችን ውስጥ መግባት ያለባት እሷ ናት ባይ ነኝ።

ይህን ስል የሚስቅብኝ እንዳለ አውቃለሁ። በኛ ባች ውስጥ «ጆርናሊዝም ለምን መረጥክ?» ሲባል «ከሒሳብ ለማምለጥ» የሚል መልስ ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። አምና ለማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች የሚሰጠውን የሒሳብ ኮርስ ስንፈተን ማታውኑ ሃንዳውቱን ለለውዝ መጠቅለያ የሰጡ ልጆች ነበሩ። ኧረ እንዲያውም ማክያቶ የተገባበዙም ነበሩ! አልፈርድባቸውም። ግን ከምን እንደተገላገልን አስበን እናውቃለን ወይ? አንድ የዞን ኃላፊ በስብሰባ ላይ ሁለት ቁጥር ሲነግረን ሁለቱን ቁጥር እንዳለ ጽፈን ወደ ቢሮ የምንሮጥ ከሆነ፣ የተገላገልነው ከሒሳቡ ሳይሆን ከሥራችን ነው።

በመጀመሪያ ቃሉን እንየው። «ተካ» ማለት በአንዱ ቦታ ሌላውን አስቀመጠ ማለት ነው። አማርኛ ይህችን ቃል ይወዳታል። ምትክ፣ ተተኪ፣ ተኪ፣ መተኪያ የለውም… ስም ሳይቀር እናወጣባታለን። ተካ፣ ምትኩ፣ ምትኬ፣ ተካልኝ። ልጅ ሞቶባት ከዚያ ወዲያ የተወለደውን «ምትኩ» ብላ የጠራች እናት ግን ሁለቱ ልጆች እኩል ናቸው፣ ሒሳቡ ተዘጋ ማለቷ አይደለም። ቃሉ በቤታችን ሲነገር እኩልነትን አይጠይቅም። ሒሳብ ውስጥ ሲገባ ግን ይጠይቃል፤ መጀመሪያ «ይሄ ከዚያ ጋር እኩል ነው» ሳይባል አንዱን በሌላው ቦታ ማስቀመጥ ክልክል ነው። ዜና ውስጥስ? የኔ ጭቅጭቅ እዚህ ላይ ነው። ዜናችን ቃሉን እንደ እናትየው ይጠቀምበታል፤ አንባቢው ግን እንደ ሒሳቡ አድርጎ ይሰማዋል። «ከውጭ የሚገባው በአገር ውስጥ ምርት ተተካ» ሲባል ሰው የሚረዳው ያው መጠን፣ ያው ጥቅም፣ ቦታው ብቻ ተቀየረ ብሎ ነው። «ተኪ ምርት» የምትለዋ ሐረግ በዜና ያልተሰማችበት ሳምንት መኖሩን እጠራጠራለሁ። በምን ያህል ተተካ? ከምን ጋር እኩል ሆኖ? ይህን የሚጠይቅ ዘገባ ግን ጥቂት ነው።

ዘዴዋ ራሷ ቀላል ናት። ሁለት የማናውቃቸው ነገሮች አሉ። ስለ ሁለቱ ደግሞ ሁለት የተለያዩ እውነቶች ተነግረውናል። ከመጀመሪያው እውነት ተነስተን «ይሄኛው በዚያኛው ቋንቋ ሲነገር ይህን ያህል ነው» እንላለን። ያንን ይዘን ወደ ሁለተኛው እውነት እንሄድና በቦታው እናስገባዋለን። አሁን የማናውቀው አንድ ነገር ብቻ ቀረ። አንዱ ከተገኘ ሌላው ተከትሎ ይመጣል። በቃ ይኸው ነው። ችግሩ ያስተማሩን በደረቁ መሆኑ ይመስለኛል። እንደኔ አሰላ ውስጥ እስከ ስምንተኛ ክፍል በአማርኛ የተማረ ልጅ (አብዛኛው ጓደኛዬ ደግሞ በኦሮምኛ ነው የተማረው) ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ሁሉም ነገር በአንድ ክረምት ወደ እንግሊዝኛ ይዞርበታል። «ሰብስቲትዩት» የሚለውን ቃል ስንሸመድድ፣ ቃሉ ቤታችን ውስጥ ከምናውቀው «መተካት» ጋር ዘመድ መሆኑን የነገረን አልነበረም። ሁለት ፊደል በጥቁር ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ቦታ ሲለዋወጥ አየን፣ ገለበጥን፣ ተፈተንን፣ አለፍን።

ነገሩ ግን የተጀመረው በጥቁር ሰሌዳ ላይ አይደለም። በእርሻ ማሳ ላይ ነው። በርሊን ከሚገኙት የባቢሎን የሸክላ ጽሑፎች አንዱ፣ ዕድሜው ከ3,500 ዓመት በላይ የሆነ፣ ስለ ሁለት ማሳዎች የቀረበ ጥያቄ ይዟል። የሁለቱ ማሳዎች ስፋት ሲደመር 1,800 ሳር ነው (ሳር የስፋት መለኪያቸው ነው እንጂ ከብት የሚግጠው የኛ ሣር አይደለም)። ከመጀመሪያው ማሳ በአንድ ሳር ሁለት ሦስተኛ ሲላ እህል ይገኛል፤ ከሁለተኛው በአንድ ሳር ግማሽ ሲላ። የመጀመሪያው ከሁለተኛው 500 ሲላ በልጧል። እያንዳንዱ ማሳ ስንት ነው? የሁለተኛው ስፋት 1,800 ሲቀነስ የመጀመሪያው ነው ብለን ብንተካ የመጀመሪያው 1,200፣ ሁለተኛው 600 ሳር ሆኖ ይወጣል። አረጋግጡት፤ 800 ሲላ ከአንዱ፣ 300 ሲላ ከሌላው፣ ልዩነቱ 500። የባቢሎኑ ጸሐፊ እንደኛ ፊደል ስላልነበረው መጀመሪያ ሁለቱ ማሳዎች እኩል 900፣ 900 ናቸው ብሎ ገምቶ ከዚያ ነው ያስተካከለው። መንገዱ ቢለይም ጥያቄው ያው የእህል ጥያቄ ነው። ማን ምን ያህል አለው፣ ከማን ምን ያህል ይወሰዳል። እና ይህ ጥያቄ ከዜና ውጪ ነው የሚለኝ ማን ነው?

አሁን ወደ አገራችን፣ ወደ አርሲ ልምጣ። አሰላ ሲነሳ ሁሉም ሰው ኃይሌ ገብረሥላሴን ይጠራል፣ በቆጂ ሲነሳ ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን። እውነት ነው፣ ክብራችን ናቸው። ግን አርሲ የሚኮራበት (ወይም ቢያንስ ሊያጠናው የሚገባ) ሌላ ታሪክም አለው። በ1960 ዓ.ም. አካባቢ በስዊድን መንግሥት ድጋፍ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ሰዉ «ካዱ» እያለ የሚጠራው፣ ሥራ የጀመረው እዚሁ አሰላ ነው። ለአነስተኛ ገበሬ የተሻሻለ ዘርና ሰው ሠራሽ ማዳበሪያ በብድር ማዳረስ በአገራችን በሰፊው ከተሞከረባቸው የመጀመሪያ ቦታዎች አንዱ ይሄ ደጋ ነው። ከአሰላ ወደ አዳማ ስንወጣ መንገዳችን ላይ የምናልፈው የቁሉምሳ ግብርና ምርምርም ከዚያው ዘመን የመጣ ነው። ስለዚህ የአርሲ ገበሬ ከማዳበሪያ ጋር ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ተዋውቋል። ዳፕና ዩሪያ የሚሉትን ስሞች አያቶቻችን ሳይቀሩ ያውቋቸዋል።

ባለፈው እረፍት አጎቴ ዘንድ ሄጄ ነበር። ሳጉሬ አካባቢ ገብስና ስንዴ ያርሳሉ። ቡና እየተጠጣ እያለ በኦሮምኛ የጠየቁኝን ወደ አማርኛ ልመልሰው። «አንተ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ገባህ አይደል? ድሮ በሄክታር አንድ ኩንታል ዳፕና አንድ ኩንታል ዩሪያ ነበር። ኋላ ዳፕ ቀርቶ ኤን ፒ ኤስ መጣ። ‹በዳፕ ተተካ› አሉን። እኛም ጆንያውን በጆንያ ቀየርን። እኩል ነበር እንዴ?»

እኩል ነበር እንዴ! እንዲህ ያለ ጥያቄ ከአንድ ዘጋቢ አፍ ሰምቼ አላውቅም። ኤን ፒ ኤስ ወደኛ መምጣት የጀመረው ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት ነው፤ እኔ ያኔ ገና አንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። ጆንያው ላይ የሚጻፈው ስም ከዚያ በኋላም ሲለዋወጥ ኖሯል። ጥያቄው ግን አያረጅምና የእህቴን ልጅ ደብተር ተውሼ ከአጎቴ ጋር ቁጭ አልን።

ጆንያው ላይ የሚጻፉት ቁጥሮች ትርጉም አላቸው። ዳፕ በ100 ኪሎ ውስጥ 18 ኪሎ ናይትሮጅንና 46 ኪሎ ፎስፌት አለው። ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን ብቻ ነው፤ ፎስፌት የሚባል የለውም። ኤን ፒ ኤስ ደግሞ 19 ናይትሮጅን፣ 38 ፎስፌትና 7 ድኝ (ሰልፈር) ይዟል። እንግዲህ የድሮው አንድ ኩንታል ዳፕና አንድ ኩንታል ዩሪያ ለመሬቱ ይሰጡት የነበረው ናይትሮጅን 18 ሲደመር 46፣ ማለትም 64 ኪሎ፤ ፎስፌቱ ደግሞ 46 ኪሎ ነው። ጆንያ በጆንያ ብንቀይር ምን ይሆናል? ናይትሮጅኑ 19 ሲደመር 46፣ 65 ኪሎ ይሆናል፤ ምንም አይል። ፎስፌቱ ግን 38 ላይ ይቀራል። 8 ኪሎ ጠፋ! ከአሥር እጅ ሁለት እጅ ሊሆን ትንሽ የቀረው። ድኝ ተጨምሯል፣ ያም ለመሬቱ የራሱ ጥቅም ስላለው ነው፤ ድኝ ግን ፎስፌትን አይሆንም።

ታዲያ የድሮውን ያህል ለማግኘት ከእያንዳንዱ ስንት ኪሎ ያስፈልጋል? ኤን ፒ ኤሱን ሀ፣ ዩሪያውን ለ እንበለው። ሁለት እውነቶች አሉን።

0.38 × ሀ = 46
0.19 × ሀ + 0.46 × ለ = 64

የመጀመሪያው ሀ 121 ኪሎ ገደማ መሆኑን ይነግረናል። ይህን በሁለተኛው ውስጥ በሀ ቦታ እንተካዋለን። ከ121 ኪሎ ኤን ፒ ኤስ 23 ኪሎ ናይትሮጅን ይገኛል። ከ64 ላይ 23 ሲነሳ 41 ይቀራል። 41ን ለ0.46 ስናካፍለው ለ 89 ኪሎ ገደማ ሆኖ ይወጣል። እንግዲህ አንድ ኩንታል በአንድ ኩንታል ሳይሆን፣ ኤን ፒ ኤሱ 21 ኪሎ ጨምሮ ዩሪያው 11 ኪሎ ቀንሶ ነው «ተተካ» የሚባለው። አጎቴ ደብተሩን ካዩ በኋላ ምን አሉኝ መሰላችሁ? «ታዲያ ይህን ያኔ በሬዲዮ ቢሉን ምን ነበረበት?»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ለአንድ ማሳ ትክክለኛው መጠን ስንት ነው የሚለውን የሚመልሰው የአፈር ምርመራና የግብርና ባለሙያው ነው። እኩልዮሹ የሚመልሰው «የድሮውን ያህል» ለሚለው ብቻ ነው። ግን እሱም ቢሆን ትንሽ ነገር አይደለም፤ ምክንያቱም «ተተካ» የሚለው ቃል ቃል የገባው ያንኑ ነው።

በተለይ ለገብስ ነገሩ ከባድ ነው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ የአሰላ ብቅል ፋብሪካ እዚሁ ከተማችን ውስጥ አለ። ለብቅል የሚሆን ገብስ ፕሮቲኑ መብዛት የለበትም። ናይትሮጅን ሲበዛ ደግሞ ፍሬው ውስጥ ያለው ፕሮቲን ይጨምራል። ስለዚህ የቢራ ገብስ የዘራ ገበሬ «አረንጓዴ ይሁንልኝ» ብሎ ዩሪያውን ቢደፋበት ማሳው አምሮ ገብሱ ለብቅል ላይመረጥ ይችላል። ለስንዴ ሲሆን ፕሮቲን ይፈለጋል። ለአንዱ ማሳ ጥሩ የሆነው ቁጥር ለጎረቤቱ ማሳ ኪሳራ ነው። እኛ ግን ዜናችን ላይ «በአርሲ ዞን ለገበሬዎች ይህን ያህል ኩንታል ማዳበሪያ ተሰራጨ» ብለን እንዘጋለን። ምን ዓይነቱ? ከየትኛው ስንት? ዳፕንና ዩሪያን ደምሮ «ማዳበሪያ» ማለት በግንና ዶሮን ደምሮ «12 እንስሳት» እንደማለት ነው።

ካዱን ካነሳሁ አይቀር ሌላም መተካት አለ፤ ይህኛው ያሳዝናል። የድርጅቱ ዓላማ አነስተኛውን ገበሬና ጭሰኛውን መርዳት ነበር። ምርቱ ሲጨምር፣ መሬቱ ትርፍ እንደሚሰጥ ሲታይ ግን አንዳንድ ባለርስቶች በትራክተር ማረስ አዋጣቸውና ጭሰኞቻቸውን ከመሬቱ አስነሱ። በጭላሎ አውራጃ ብዙ ቤተሰብ የተፈናቀለው በዚያን ጊዜ ነው። እስከ የካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ማለት ነው። በጭሰኛው ቦታ ትራክተር ተተካ። በምርት ቁጥር ብቻ ካየነው መተካቱ ሠርቷል፤ ኩንታሉ ጨምሯል። ግን ያ አንድ እኩልዮሽ ብቻ ነው። ሁለተኛው፣ ሰው የት ገባ የሚለው፣ አልተጻፈም። ሁለት ያልታወቁ ነገሮች ባሉበት አንድ እኩልዮሽ ብቻ ከያዝክ የፈለግከውን መልስ ልታወጣበት ትችላለህ። የምርት ዕድገት ዜና ስሰማ ሁልጊዜ ይሄ ነው ትዝ የሚለኝ።

አሁን ዘዴዋ ለኛ በቀጥታ እንዴት እንደምትጠቅም ላሳይ። ቁጥሮቹን ከራሴ ነው የፈጠርኳቸው፤ የማንም ማኅበር አይደሉም። አንድ ኃላፊ «400 ኩንታል ማዳበሪያ ሸጠናል፣ 1,500,000 ብር ሰብስበናል» አለ እንበል። የአንደኛው ዓይነት ዋጋ በኩንታል 3,600 ብር፣ የሌላኛው 3,900 ብር ነው። ሀ የርካሹ ኩንታል ብዛት ከሆነ ውዱ 400 ሲቀነስ ሀ ነው። በዋጋው ውስጥ ስንተካው፣ ሁሉም ውዱ ቢሆን ኖሮ 1,560,000 ብር ይሰበሰብ ነበር፤ እያንዳንዱ የርካሹ ኩንታል ከዚያ ላይ 300 ብር ይቀንሳል። የጎደለው 60,000 ብር ነው። ለ300 ሲካፈል 200። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት መቶ ኩንታል ተሽጧል። ኃላፊው ያልነገረንን ቁጥር እሱ ከነገረን ቁጥር አወጣን! ከዚያ ስቶሩ ሄዶ «ከእያንዳንዱ 200 ወጥቷል?» ብሎ መጠየቅ የሪፖርተሩ ፈንታ ነው።

ይኸው ሰውዬ ግን «1,600,000 ብር ሰብስበናል» ቢልስ? ያንኑ ስንሠራ ሀ ከዜሮ በታች 133 ኩንታል ሆኖ ይመጣል። ከዜሮ በታች ኩንታል የት ታይቶ ያውቃል? ሁሉም ማዳበሪያ ውዱ ዓይነት ቢሆን እንኳ 40,000 ብር ከየት እንደመጣ አይታወቅም። ወይ ዋጋው ከተለጠፈው በላይ ነበር፣ ወይ ኩንታሉ ከተባለው በላይ ነበር፣ ወይ ደግሞ አንዱ ቁጥር ተሳስቷል። ሦስቱም ዜና ናቸው። በስብሰባው አዳራሽ ውስጥ ይህን በወረቀት ጥግ ላይ ሠርቶ እጁን የሚያወጣ ጋዜጠኛና፣ ቁጥሩን ገልብጦ ሻይ ቡና ወዳለበት የሚሄድ ጋዜጠኛ ሁለት የተለያዩ ሙያ ያላቸው ሰዎች ናቸው።

እኔ በጣም የምወደው ግን ሌላኛውን ነው። አንዳንዴ ስንተካ ያልታወቀው ነገር ይጠፋና 800 = 800 የሚል ነገር ይቀራል። መምህራኖቻችን «ኢንፊኒት ሶሉሽን» ብለው ያልፉታል። ምን ማለት ነው? አንዱ ቢሮ «ሁለቱ ዓይነት ተደምሮ 400 ኩንታል ነው» አለ። ሌላው ቢሮ «የሁለቱ እጥፍ 800 ነው» አለ። ሁለት ቢሮ፣ ሁለት ማኅተም፣ ሁለት የስልክ ቃለ ምልልስ። ነገር ግን አንድ እውነት ነው የተነገረን። «ቢያንስ ሁለት ምንጭ» የሚለውን ሕግ ፈተና ላይ ሁላችንም ጽፈናል። ሁለቱም ምንጮች ከአንድ ጋዜጣዊ መግለጫ የቀዱ ከሆኑ ግን ሁለት ምንጭ አላገኘንም፤ አንዱን ሁለቴ ጠየቅነው እንጂ። ይህን ነገር ከሥነ ምግባር ሃንዳውት ይልቅ 800 = 800 በደንብ አስረድታኛለች። ሁለተኛው ቢሮ «እጥፉ 900 ነው» ቢል ደግሞ 800 = 900 ይወጣል፤ አንዱ ዋሽቷል ወይ ተሳስቷል ማለት ነው። ያኔ ዜናው ቁጥሩ ሳይሆን አለመስማማቱ ነው።

(በነገራችን ላይ እኩልዮሽ የሚፈታበት ሌላም ዘዴ አለ፣ ኢሊሚኔሽን ይባላል፤ አንዱን ማስወገድ ማለት ነው። ጋዜጠኞቻችን ይቺን ሳይማሩም አሳምረው ይሠሩባታል፤ አንደኛውን ወገን ሰርዞ ሌላውን ብቻ መዘገብ!)

አንድ ጓደኛዬ ይህን ጽሑፍ ከመስጠቴ በፊት አንብቦ «ምን አደከመህ፣ ስልካችን ላይ ያለው አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ በሰከንድ ይፈታዋል» አለኝ። ልክ ነው፣ ይፈታዋል። እኔም ብዙ ጊዜ አሠራዋለሁ። ግን መፍታቱ እኮ ትንሹ ሥራ ነው። ከኃላፊው ንግግር ውስጥ ያልታወቁት ሁለቱ ምን ምን እንደሆኑ የሚለየው ማን ነው? ሁለተኛው እኩልዮሽ እንደሚጎድልና ያንን ለማግኘት ማንን መጠየቅ እንዳለበት የሚያውቀው ማን ነው? ስልኩ ስብሰባው ላይ እጅ አያወጣም።

አንድ መምህራችን ደግሞ «ኮርሱ ሞልቷል፣ የት ይግባ?» ብለውኛል። እኔ አዲስ ኮርስ አልጠየቅኩም። የዜና አጻጻፍ ኮርሳችን ላይ በሳምንት ሦስት ዜና እንጽፋለን። ከሦስቱ አንዱ ሁለት ቁጥር ያለበት መግለጫ ይሁንና ከዜናው ጋር የወረቀት ጥጉ ሒሳብም አብሮ ይታረም። የሒሳብ ዲፓርትመንት ልጆችም ቢጋበዙ ደስ ይላቸዋል፤ እነሱም እኮ ከኛ ጋር ለመሥራት ሰበብ ይፈልጋሉ።

ለዛሬም ጥያቄ አይጠፋም። በነሐሴ ወር 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስና የናይጄሪያው ዳንጎቴ ግሩፕ በሶማሌ ክልል ጎዴ ላይ የማዳበሪያ ፋብሪካ ለመገንባት ተፈራርመዋል። ወጪው 2.5 ቢሊዮን ዶላር፣ ምርቱ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ እንደሚሆን ተነግሯል። ትልቅ ነገር ነው፣ እኔም ደስ ብሎኛል። «ከውጭ የሚገባውን ማዳበሪያ ይተካል» የሚለውን ዜና ግን አጎቴ ቢሰሙት የሚጠይቁትን አውቃለሁ። ዩሪያ ፎስፌት የለውም፤ ከላይ እንዳየነው ዜሮ ነው። ከጎዴ የሚመጣው ዩሪያ ከውጭ የሚመጣውን ዩሪያ ይተካል፤ ዳፕንና ኤን ፒ ኤስን አይተካም። የአርሲ ማሳ ደግሞ ሁለቱንም ይፈልጋል። ፎስፌቱ ከየት፣ በስንት ዶላር ይመጣል? ፋብሪካው እስኪቆም ድረስ ይህን ለመጠየቅ በቂ ጊዜ አለን።

እኔና ሁለት የክፍል ጓደኞቼ ለሚቀጥለው እትም ሦስት የማዳበሪያ ዜናዎች መርጠን በዚህ ዘዴ መፈተሽ ጀምረናል። አንደኛው እስካሁን ከዜሮ በታች አልወረደም። ሁለተኛው 0 = 0 ሆኖብን ሌላ ምንጭ እያፈላለግን ነው። ሦስተኛውን ገና አልነካነውም። መሳተፍ የምትፈልጉ ሐሙስ ከሰዓት ላይብረሪው ጀርባ ካለው ዋርካ ሥር ታገኙናላችሁ፤ እርሳስና ያላለቀ ደብተር ይዛችሁ ኑ።